አረንጓዴ እስኪበራ

ሀመልማል ከሥራ ስትመለስ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥታ ሳትጨርስ የልጇን ለቅሶ ሰማች። የአራት ዓመቷ ሶልያና ከታችኛው ፎቅ የሕፃናት ማቆያ አምልጣ ስትወጣ ወድቃ ጉልበቷ ይደማል። ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽ ፈንጠር ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው፣ ቁስሉን ከሩቅ እፍ እፍ ይሉታል።

"እትዬ፣ ምናለ ቢያነሷት?" አለች ሀመልማል ደንግጣ።

"ፈቃድ የለኝማ፣ ልጄ። እጇ ላይ ያሰሩላት አምባር ለእኔ አረንጓዴ አይበራም፤ ብነካት ይጮህና ፖሊስ ይመጣል።"

 ሀመልማልን ራሷን አዝለው ያሳደጓት እኚሁ ሴት ናቸው። ፈቃድ የሌላት ሞግዚት በር የቆለፈችባቸው ሕፃናት በእሳት ያለቁ ጊዜ ግን፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ልጅ እንዳይነካ የሚከለክል ሕግ ይውጣ ብላ እያለቀሰች አደባባይ የወጣችው እሷው ናት።

ጎንበስ ብላ ልጇን ልታቅፍ ክንዷን ዘረጋች። ሶልያና ወደ ኋላ ሸሸት አለችና አምባር የታሰረበትን እጇን አስቀደመች።

"መጀመሪያ አረንጓዴ ይብራ።"

"እኔ እኮ እናትሽ ነኝ፣ ሶልዬ።"

"አውቃለሁ" አለች ልጅቷ፣ እንባዋ እየወረደ። እጇን ግን አላወረደችም።