የወንዝ ዳሩ ማማ

ሎርና መጀመሪያ መሰላሉን ቆረጠችው። ግንዱ ላይ የተመታውን እንጨት በሞተር መጋዟ ከወገቡ በታች ጎምዳ ስትጥለው፣ ዛፉ ላይ ካለው የአደን ማማ የሽማግሌው የኦርቪል ራስ ብቅ አለ።

«አብደሻል አንቺ ሴትዮ? አሁን በምን ልወርድ ነው?»

«እሱን ሳትወጣ ነበር ማሰብ።»

መሬቱ የሷ ነው። ወንዙ ዳር ያለችውን ቁራጭ ጫካና ሜዳዋን የገዛችው የባሏን ላሞች አንድ ሳታስቀር ሸጣ ነው። ላም ሸጦ ሳር የሚገዛ ማን አለ ብሎ የሰፈሩ ሰው ሳቀባት። ይሳቅ። አምና አደን በተከፈተ ቀን፣ ባሏ ዴል አዳኝ ከሩቅ እንዲለየው የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ ትቶ በቡናማ ካፖርት የጠፋች ጊደር ፍለጋ በዚህ ሜዳ ሲያልፍ፣ ኦርቪል ከዚሁ ማማ ላይ አጋዘን መስሎት ተኮሰ። ዳኛው ስህተት ነው ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ሎርና የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ሜዳ ላይ ዳግመኛ ጥይት እንዳይጮህ።

ዛሬ አደን ተከፈተ። የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ሰው ይህን ቀን እንደ ዓመት በዓል ነው የሚጠብቀው። ኦርቪልም ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠብመንጃውን አንግቶ ወጣ።

«መሬቱን ከወንድሜ ገዛሽ እንጂ ማማውን ከኔ አልገዛሽም» አላት። «አባቴ የሠራው ነው። ከፈለግሽ ሸሪፉን ጥሪ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሎርና መጋዙን ግንዱ ውስጥ ሰደደችው።

ኦርቪል ተኮሰ። ጥይቱ እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ ፈረከሰውና ፍንጣሪው ጉንጯን ቀደደው። ደሙ በአንገቷ ወረደ። መጋዙን አላወጣችም።

«ሁለተኛ አልስትሽም!»

«ዴልንም አልሳትከው።»

 ኦርቪል ከላይ የለቀቀው ጠብመንጃ ቅርንጫፍ እየሰበረ ወረደና ጭቃው ላይ ወደቀ። ወዲያው ዛፉ ሲጢጥ ብሎ ዘመም አለ። ሎርና ሞተሩን አጠፋች። መዳፏን ግንዱ ላይ አሳረፈች። አንድ ጊዜ ቢገፉት ይበቃው ነበር፤ መግፋትም አማራት፣ ክፉኛ አማራት።

«ሎርና» አለ ሽማግሌው፣ ግንዱን እንዳቀፈ። «ለአደን አይደለም የወጣሁት። እንዴት አጋዘን እንደመሰለኝ ልይ ብዬ ነው። ደጋግሜ አየሁ። በሜዳው የሚያልፍ ሰው ከዚህ ሲያዩት ሰው ነው የሚመስለው።»

 እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው እንባዋ ቁስሏን ሲያቃጥላት ነው።

«እግርህን አምጣ» አለችው በመጨረሻ።

የተረፈውን መሰላል ወርዶ ሲያልቅበት ትከሻዋን ከሥሩ አስገባች። የባሏ ገዳይ ጭቃማ ጫማ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከባድ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ጥይት ጮኸ። ወዲያው ሌላ ተከተለው። ማዶው የሷ አይደለም። ትከሻዋ ላይ ያለው እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሷም ከሥሩ አብራ ተንቀጠቀጠች።