ከላፕቶፑ የወጣው ፀጉር

አዛውንቱ ከልጃቸው ቤት የወጡት ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ያስወጣቸው ቻርጅ አልቀበል ያለ ላፕቶፕ ነበር።

ላፕቶፑ የልጃቸው መተዳደሪያ ነው፤ የተቀዳ ድምፅ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትገለብጥበታለች። አንድ ቀን ባትሪው ሞተባትና ወደ ጥገና ሱቅ ወሰደችው።

ጠጋኙን ሰፈሩ “አልኮል” ይለዋል። ጓንት ሳያጠልቅ የሰው ዕቃ አይነካም። ደንበኛ ከወንበር ገና ሳይነሳ በአልኮል የነከረውን ጨርቅ ይዞ ይቆማል። ሰውን የሚያውቀው በላፕቶፑ ሆድ ዕቃ ነው፦ በምግብ ፍርፋሪው፣ በጥፍር ቁራጩ፣ በደረቀ ንፍጡ። ዕቃዎቹን ይወዳል፤ ባለቤቶቹን ይጸየፋል።

ባትሪውን ቀየረላት። እንደ ልማዱ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አሳደረው። አድሮ ያልተፈተነ ባትሪ ከእሱ ሱቅ አይወጣም።

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰች።

“ይኸው፣ ደግሞ እምቢ አለ።”

ሲፈታው ሽታው አፍንጫውን መታው። የቻርጅ መሰኪያው ውስጥ ቢጫ የሚያጣብቅ ነገር ደርቋል፤ ብረቱን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ቁልፎቹ መሃል አጫጭር ነጭ ፀጉር ተሰግስጓል። በመቆንጠጫ እየለቀመ ሊያስመልሰው ምንም አልቀረው።

“ቤት ውስጥ ሽማግሌ አለ?”

“አባቴ አሉ። ምነው?”

“ምንም።”

አጽድቶ፣ መሰኪያውን ቀይሮ፣ እንደ ልማዱ አሳድሮ ሰጣት።

ከጎኑ ልብስ ሰፊ አለች። ሁለቱን የሚለያቸው ጣሪያ የማይደርስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ሲያጉረመርም ሰምታ ኖሮ ከወዲያ ተጣራች።

“አንተ አልኮል! ዛሬ ደግሞ ምን አገኘህ?”

“ሽንት። በዚህ ወር የማይሸት ዕቃ አልገባልኝም። ሰው ከብት ሆኗል!”

“እኔስ ደልቶኛል። ጨርቄን ሲቆራርጥ የከረመው አይጥ ድራሹ ጠፋ።”

“የኔ አልኮል ነዋ፤ አመስግኚኝ።”

“እሰይ፣ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀምክ።”

ላፕቶፑ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሴትየዋ አባቷን ይዛ ነበር። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ጢማቸው አጭርና ነጭ ነው። ገና ደፉን ሲረግጡ መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ያዙ።

ይሄ ደግሞ በማን ላይ ነው አፍንጫ የሚይዘው? አለ አልኮል በሆዱ።

ላፕቶፑን ፈታው። ያው ቢጫ ነገር፣ ያው ሽታ፣ ያው ፀጉር።

ሴትየዋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“በናትህ እውነቱን ንገረኝ። ባለቤቴ ‘ያበላሹት አባትሽ ከሆኑ ወንድ ልጃቸው ጋ ይሂዱ’ ብሎ ምሏል። ታላቅ ወንድሜ ጋ ደግሞ ማደሪያ የሚሆናቸው ዕቃ ቤቱ ብቻ ነው። መስኮት እንኳ የለውም።”

አልኮል ወደ አዛውንቱ ዞረ።

“አባባ፣ ላፕቶፑ አጠገብ ይቀመጣሉ?”

“እቀመጣለሁ። ስትሠራ ማየት ደስ ይለኛል።”

“ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ?”

አዛውንቱ መሐረባቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

“ይህን የሚጠይቀኝ ሐኪም ነው። አንተ ሐኪም ነህ?”

“አይደለሁም። አፍንጫ ግን አለኝ።” በመቆንጠጫው አንድ ፀጉር አነሣና ከጢማቸው ጎን አስጠጋው። “ይኸው። እኔ ሰው አልጠረጥርም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።”

ሴትየዋ ፀጉሩን አየች። ጢሙን አየች። የአባቷን ዓይን ማየት ግን አልቻለችም።

“እኔ አልነካሁትም” አሉ አዛውንቱ። ለማን እንደተናገሩ አልታወቀም።

“አይፈረድባቸውም፤ ዕድሜ ነው” አለ አልኮል። “ብቻ ከዕቃሽ አርቂያቸው።”

ሲወጡ የተቀመጡበትን ወንበር ወለወለው። ቆየት ብሎ ደግሞ ወለወለው። ሽታው ግን አልለቅ አለ። በሩን ከፍቶ እስኪመሽ ድረስ ተራገመ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሴትየዋ ደወለች።

“አባቴን ወንድሜ ጋ ሸኘናቸው። ላፕቶፑ ደረሰ?”

“ደርሷል። ዛሬን ቻርጅ ላይ ይደር።”

“ነገ በጠዋት ሥራ አለብኝ።”

“ማልጄ እከፍትልሻለሁ። አይዞሽ፣ ከእንግዲህ እፎይ ትያለሽ።”

ስልኩን ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት አልኮል ከወትሮው ቀድሞ ሱቁን ከፈተ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የሞቀው ላፕቶፕ ቁልፎች ላይ አንዲት ነጭ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች።