እርጥብ ጭራ

ጠዋት ጭራው ርሶ ነበር። እናትየው አይታዋለች። ጎንበስ ብላ በሽቦ ቤቱ ቀዳዳ ተመለከተችና፣ «የውሃው ጡጦ አንጠባጥቦበት ነው» ብላ ወደምትሠራበት ስፌት ፋብሪካ ሮጠች። አሁን፣ ቀኑ ሊጨልም ሲል፣ የልጇን የቤት እንስሳ፣ ሃምስተሩን፣ በጫማ ካርቶን ይዛ የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ላይ የሚመላለሰው ያ ጡጦ ነው። ጡጦው የተሰቀለው በወዲያኛው ጥግ ነው። ሃምስተሩ የተኛው በወዲህኛው።

እሷ እኮ በሩቅ ሳል ስትሰማ ሳንባ ነው የምትል ሴት ናት። ስልክ ከመሸ በኋላ ከጮኸ፣ መርዶ ነው ብላ መጀመሪያ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ታነሳለች። ባሏ «ሟርትሽን ተይ፣ አንድ ቀን እንኳ ደግ ደጉን አስቢ» እያለ ሲለምናት ኖሯል። ይኸው አንድ ቀን ደግ ደጉን አሰበች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ላይ የደረሰው ግን ያልፈራችው ነው።

ዘበኛው የብረት በሩን እኩሌታ ገፍቶታል።

«ተዘግቷል እመቤት። ነገ ብቅ በሉ።»

«አባባ፣ እስከ ነገ አይደርስልኝም።»

ሽማግሌው የካርቶኑን ክዳን ገለጥ አደረገ። «አይጥ ነው እንዴ?»

«አይጥ አይደለም!» አለች ልጅቷ፣ ከእናቷ ጀርባ ብቅ ብላ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። «ሃምስተር ነው። ጉንጮ ይባላል።»

«እኔ ቤት ብቅ ቢል በመጥረጊያ ነበር የምቀበለው» አለ። ከዚያ የልጅቷን ያበጡ ዓይኖች አየና አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። «ዶክተር! በሽተኛ መጥቷል። ከኪስ የሚገባ!»

ሐኪሟ ያወለቀችውን ጋዋን መልሳ እያጠለቀች ወጣች። ጉንጮን በመዳፏ አነሳችው። ጀርባውን አጉብጧል፣ ጠጉሩ ቆሟል፣ ዓይኖቹ ከፈት ከደን ይላሉ።

«ይናከሳል?»

«ሁሉንም ሰው!» አለች ልጅቷ በኩራት። «አባዬን እንኳ አልማረውም።»

ሐኪሟ ጣቷን አፉ ላይ አደረገችለት። ጉንጮ ጣቷን ዝም ብሎ አሸተተው።

ሐኪሟ የትከሻውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተነሳ ቆየ፤ ወደ ቦታው ለመመለስ የቸኮለ አይመስልም።

«ሰውነቱ ውሃ አልቆበታል። ተቅማጥ ነው፤ እነሱ ላይ ደግሞ ይከፋል። መቼ ጀመረው?»

«አሁን ነው» አለች ልጅቷ። «ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው ያየሁት። ጠዋት ደህና ነበር። አይደል እማ?»

ለእናትየው አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሐኪሟ መርፌ ይዛ ትጠብቃለች።

«ከጠዋት ነው» አለች እናትየው። «ርሶ አይቼዋለሁ። ውሃ መስሎኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«አንቺ? አንቺ እኮ ሳስነጥስ ሐኪም ቤት የምትወስጂኝ ነሽ!»



«መናገርዎ ጠቅሞኛል» አለች ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «ከጠዋት ከሆነ የምጠብቀው ነገር የለም። ካርቶኑን አስጠጉልኝ።»

በመርፌው ውሃ ከቆዳው ሥር ሰጠችው። ጉንጮ አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። እናትየው ያቺን ድምፅ ስትሰማ «እሰይ!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ በመርፌ የተወጋን ፍጥረት እሰይ ማለቷ አሳፈራት። ሐኪሟ መድኃኒቱን በጠብታ አፉ ውስጥ አደረገችና የቀረውን በትንሽ ብልቃጥ ሰጠቻቸው።

«ይሙቀው። ውሃ ከንፈሩ ላይ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፤ በግድ ግን አይሆንም፣ ትን ይለዋል። ቅጠላ ቅጠል አይቅመስ። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና። አሁን ዋናው ሌሊቱ ነው፤ ብቻውን መተው የለበትም። እኔ ደግሞ እዚህ አዳሪ ሰው የለኝም። ቤታችሁ እንቅልፍ የማይጥለው ሰው አለ?»

ልጅቷ ሳታመነታ ጣቷን ወደ እናቷ ቀሰረች። «እሷ። እሷ ተኝታም አታውቅ።»

ዘበኛው ከበሩ ላይ ሳቁን ለቀቀው። እናትየውም ሳቅ አመለጣት፤ ግን መሃል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ልጅቷ አልሳቀችም። ካርቶኑን በጥንቃቄ አንስታ ለእናቷ አቀበለቻት።

«በሁለት እጅሽ ያዢው።»

ሐኪሟ መብራቱን አጠፋችና አብረው ወጡ። ሐኪሟ በሩን ሳበች፣ ቁልፉን አስገባች። እናትየው ጆሮዋን አቁማለች። ሐኪሞች ሲሰናበቱ የሚሉትን ታውቃለች፤ የገዛ እናቷን ስታስታምም ነው የተማረችው። «ነገ አምጡት» ካለች ተስፋ አላት ማለት ነው።

«ነገ ጠዋት ደውሉልኝ» አለች ሐኪሟ።

ደውሉልኝ።

«ለምን እንደውላለን?» አለች ልጅቷ። «ይዘነው እንመጣለን እንጂ!»

ቁልፉ መሃል ላይ ቆመ። «እሺ የኔ ቆንጆ» አለች ሐኪሟ፤ የምታየው ግን ልጅቷን አልነበረም። እናትየውም አየቻት፣ ካርቶኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከዚያ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ዞረ።