ሌላ ቤት

ግንበኛው ግድግዳውን ሲሸነቁረው የታፈነ አየር ፊቱን መታው። ከዓመታት በፊት የምድር ውስጥ ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ሲታደስ ይህን የአሮጌውን መጠበቂያ አዳራሽ በር በድንጋይ የደፈነው አባቱ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ቤት አልተመለሰም። እናቱ “አባትህማ ሌላ ቤት ሠርቶ ቀረ” እያለች አንጀቷ እንዳረረ ኖረች።

በቀዳዳው ሾልኮ ገባና ባትሪውን አበራ። ግድግዳው በውስጥ በኩልም ልቅም ተደርጎ ተለስኗል። አባቱ ሥራ በጨረሰ ቁጥር እርጥቡ ልስን ላይ የሚያትማት፣ ጫፏ የተቆረጠች አውራ ጣቱም አሻራዋ እዚያው አለ።

“አንተ!” አለ ፎርማኑ ከውጭ። “ሌላ መውጫ አለው እንዴ?”

ባትሪውን በአራቱም ማዕዘን አዞረ።

“የለውም።”

ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ በሥርዓት ተቀምጧል፤ ቤቱ የገባ ሰው እንደሚያወልቀው።