ያልተለኩት መንጠቆዎች

ያላየውን «አየሁ» የሚል ሰው ወጥመዱን የሚሠራው በገዛ እጁ ነው፤ በሩን የሚዘጋበት ግን ብዙ ጊዜ ጠላቱ ሳይሆን አንድ ቅን ሰው ነው።

ሮሲና በሞንቴቪዴዮው ቤተ ሙከራ የጥናቷን የመጨረሻ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ አብርታ ቆማለች። ባክቴሪያ የሚዋኝበት ጅራት ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በደቂቅ የፕሮቲን መንጠቆ ነው። በቀይ ክዳን ብልቃጥ ያሉት ጤነኛ ባክቴሪያዎች መንጠቆው ልኩ ላይ ሲደርስ እድገቱን የሚያስቆም መለኪያ ፕሮቲን አላቸው፤ በሰማያዊው ያሉት ግን ይኸው ስለ ተነቀለባቸው መንጠቋቸው ያለ ገደብ ይረዝማል። ሠንጠረዡም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በቀዩ ሁለት መቶ እኩል መንጠቆ፣ በሰማያዊው ሁለት መቶ ዝብርቅርቅ። ሮሲና አንዱንም በማይክሮስኮፕ አላየችም። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው ብላ ቁጥሮቹን ከራሷ ፈጥራ ጽፋለች።

«እንደ ወታደር አሰልፈሻቸዋል» አሉ አማካሪዋ ዶክተር ኒልዳ፣ ማቴ የሚባለው ትኩስ የቅጠል ሻይ የተሞላበትን ቅል እያቀበሏት። «ለእኔ እንዲህ ታዝዘውልኝ አያውቁም። በቃ፣ ዶክትሬትሽን ጨረስሽው በይ።»

በዚህ መሀል ናሙና አዘጋጁ ሽማግሌ ዶን ዊልማር ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

«ዶክተር፣ ጥፋት ሠርቻለሁ። መነጽሬ የተሰበረ ሰሞን፣ ብልቃጦቹን ለሮሲና ሳላስረክባት፣ ክዳኖቹን አለዋውጫቸዋለሁ። መለኪያ የሌለው ቀዩ ነው።» ወደ ሮሲና ዞሩ። «አንቺ ልጄ፣ ቀዩ ውስጥ ያን ሁሉ ረጅም ስታዪ ምነው ዝም አልሽኝ? ሽማግሌው እንዳይከፋው ብለሽ ነው፣ አይደል?»

ቅሉ መዳፏን አቃጠላት። አይቻለሁ ብትል ሠንጠረዡ ይክዳታል፤ አላየሁም ብትል የአራት ዓመት ድካሟ አብሮ ይሄዳል።

«አላስተዋልኩም» አለች።

«ሁለት መቶ ጊዜ?» አሉ ዶክተር ኒልዳ።

የቀዩንም ናሙና ራሳቸው ማይክሮስኮፑ ውስጥ አስገብተው ወንበር ሳቡላት።

«ነይ ተቀመጪ። እኩል ካልሻቸው ልኩን የጠበቀ አንድ ብቻ አሳዪኝ።»

ሮሲና ማዞሪያውን ነካችው። የማይክሮስኮፑ ማያ ላይ ረጅም ጠማማ መንጠቆ መጣ። ደግማ አዞረች፤ የባሰ ረጅም። ነገሩ ገና ያልገባቸው ዶን ዊልማር ወንበሯን ተደግፈው ቆሙ።

«አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ፈልጊ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ፈለገች። ከበሩ በኩል ዶክተር ኒልዳ፣ ከኋላዋ ሽማግሌው፣ ከፊቷ ማያው። አንድ ሰዓት ሙሉ ማዞሪያውን አዞረች።

«የለም» አለች በመጨረሻ። «አልለካሁም።»

በዚያው ወር የሮሲና ጥናት ተሰረዘ፤ የትምህርት ድጎማዋ ተቋረጠ፤ እሷም ከዩኒቨርሲቲው ተባረረች።