ቀና ሳይል ያነበበው ወረቀት

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። አናጺው ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜው ግን የካፌው በር በተከፈተ ቁጥር ልቡ እንደ ሕፃን ልጅ ልብ ትር ትር ይል ነበር።

በሩ ተከፈተ። የገባው ወተት አመላላሹ ነው። አናጺው ያነሣውን የሻይ ብርጭቆ ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠ፤ ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ተጋጭቶ ተንቃጨለ።

«ኧረ ቀስ ጋሼ! ብርጭቆው ምን አደረገዎት?» አለች ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ከጎኑ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች። «ኑ እንጨዋወት ብለው ጠርተውን እርስዎ ዝም ካሉ፣ እኛ ምን ልንሆን ነው?»

«መጀመሪያ ሰው ይምጣ» አለ።

«እኛስ ምንድን ነን? የቤት ዕቃ?» አለ ከፊታቸው የተቀመጠው የታክሲ ሾፌር። «መኪናዬን አቁሜ፣ ሥራዬን ትቼ ነው እኮ የመጣሁት።»

ሰው ሲል አንድ ሰው ማለቱ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲያመለክት፣ «ደጃችንን መርገጥ የከበዳቸው ብዙ ናቸው። በየሐሙሱ ካፌ ተቀምጠን እንጨዋወት። ስብከት አይኑር፤ እያንዳንዱ በልቡ የያዘውን ያውጣ» ብሏቸው ነበር። ሽማግሌዎቹም አመስግነው ፈቀዱለት። ብዙ ናቸው ያላቸው ግን አንዲት ልጁን ነው። ያን ደጃፍ ዳግመኛ ላትረግጥ ከማለች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩንም አታነሣም። ነርሷ ጎረቤቷ ናትና መልእክቱን ያደረሰችው እሷ ነበረች። ያመጣችለት መልስ አንድ ቃል ነው፤ «አስብበታለሁ።»

አናጺው ፊደል የቆጠረው በስልሳ ዓመቱ ነው፤ ያለ አስተማሪ፣ ከቀለም ቆርቆሮና ከምስማር ካርቶን ላይ። መጀመሪያ መጻፍ የቻለውም የገዛ ስሙን ነበር። በዚያው ዓመት አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ታመመና፣ «ጋሼ ማንበብ ለምደዋል አሉ፤ ማስታወቂያውን ዛሬ እርስዎ ያሰሙን» ተባለ። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት አነበበ። ከመካከል የገዛ ስሙን ሲያገኝ ደስ ብሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። ከስሙ ፊት የቆመው የልጁ ስም መሆኑ፣ ያነበበውም ያለ ጉባኤው ፈቃድ በማግባቷ ከመዘምራን መታገዷ መሆኑ የገባው፣ ሁሉንም ጨርሶ ወረቀቱን አጥፎ ቀና ሲል ነው። የተቀመጠችበት ቦታ ባዶ ነበር።

በሩ ተከፈተ።

እሷ ነበረች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። አናጺው ብድግ ሊል ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እስከዚያች ደቂቃ የፈራው እንዳትቀር ነበር፤ አሁን ደግሞ እንዳትወጣ ፈራ፤ ሁለተኛው ፍርሃት ከመጀመሪያው ባሰ።

«ጨዋታ አለ ተብዬ ነው» አለች፣ ለነርሷ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ለበሩ በምትቀርበው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እሰይ የኔ እመቤት! ሻይ ይምጣልሽ?»

«አይ፣ ብዙ አልቆይም።»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጋሼ፣ የጠራ ሰው ነው የሚጀምረው። እኔ ከጀመርኩማ እስከ ማታ ስለ ትራፊክ ፖሊስ ነው የምነግራችሁ።»

ነርሷ ብቻዋን ሳቀችና ተወችው። አናጺው ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ልጁ ወረቀቱን ስታይ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች።

«ደግሞ ልታነብ ነው፣ አባባ?»

ሊያነብ ነበር። ለመጻፍ ሦስት ሳምንት የፈጀበትን፣ ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተለማመደውን ሊያነብ ነበር። እጥፉን ሊፈታ ጀምሮ ተወው።

«አላነብም» አለ። «ያን እሑድ የማስታውሰውን ነው የጻፍኩት። አንቺ አንብቢው። ቀና ብዬ አላየሁምና የሳትኩት አይጠፋም። የሳትኩትን አርሚልኝ።»

ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋላት፤ ከጆሮው ላይም ጠፍጣፋውን የአናጺ እርሳሱን አውርዶ ከወረቀቱ ላይ አኖረ።

አነበበች። የነርሷ መርፌዎች ቆሙ። የቡናው ማሽን አፏጭቶ ጸጥ አለ። አናጺው እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው፣ የቦርሳዋን ማንገቻ ብቻ ያይ ነበር።

«የለበስኩት ቀሚስ ሰማያዊ አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «አረንጓዴ ነው። አንተው አይደለህ የገዛህልኝ?»

እርሳሱን አንሥታ ሰረዘች። ዝቅ ብላ ሌላም ሰረዘች፤ እዚያ ላይ ግን ቆየች፤ ጻፈች፤ ቆም አለች፤ ጨመረች። ከዚያ ወረቀቱን አዙራ መለሰችለት።

አናጺው ጣቱን ከመስመሩ ሥር አደረገ። «ስሟን ሰምታ ሮጣ ወጣች» ብሎ የጻፈው ተሰርዟል። ከላዩ፣ እርሳሱን ተጭና፣ እንዲህ ብላለች፦ «አልሮጥኩም። ቀጥለህ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጥገና ማንበብ እስክትጀምር ድረስ፣ ቀና ብለህ ታየኝ እንደሆነ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ወንበር ሲንሸራተት የሰማ መሰለው። ጣቱ ከመጨረሻው ፊደል ሥር ቆመ፤ አንገቱ እንደዚያች ሰዓት ከብዶት አያውቅም።

ቀና አለ።

ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አስቀምጣለች፤ እርሳሱን እንደያዘች ታየዋለች።