የተጠባባቂው ዘፋኝ እናት

«ልጅዎ የማይዘፍን ከሆነ ታዲያ ምን ሊሰሙ ነው የሚሄዱት እናቴ?»

ወደ ጣሊያኗ ትሪየስቴ ከተማ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ከማማ ኦርኔላ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ነው የጠየቃቸው።

በዚያ የሰኔ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ... የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

ማማ ኦርኔላ በሆዳቸው «ይሄን ሰው ምን ነካው?» እያሉ መለሱለት።

«ቲዚያኖ ተጠባባቂ ነው ልጄ። ዋናው ዘፋኝ ከታመመ ይገባል... ካልታመመ ከመድረኩ ጀርባ ቁጭ ብሎ ያመሻል።»

«እስካሁን ስንት ጊዜ ገባ?»

«አንዴም።»

ሊዮን ሄደዋል... ፕራግ ሄደዋል... ባርሴሎናም ሄደዋል።

የእረፍታቸው ጉዞ ሁሉ የሚታቀደው ቲዚያኖ የተቀጠረበትን ኦፔራ ቤት ተከትሎ ነው። ዋናዎቹ ዘፋኞች ግን ጉንፋን እንኳ አይነካቸውም!

ሰውዬው ጓጓ።

«እውነቱን ይንገሩኝ... ዋናው እንዲታመም አይጸልዩም?»

ማማ ኦርኔላ አፈር አሉ።

«ፕራግ ላይ ቃጥቶኝ ነበር። በኋላ፣ እሱም እኮ እናት አለው ብዬ ተውኩት። አሁን ለጤናው ሻማ አበራለታለሁ።»

ሰውዬው አቀርቅሮ ሻርፑን ነካካ።

«የዛሬው ግን የመጨረሻ ነው» አሉ። «ቲዚያኖ በቃኝ ብሏል። ከሰኞ ጀምሮ በአጎቱ የጣውላ መጋዘን ሊሠራ ነው። አንድ ቀን እንኳ መድረክ ላይ ሳልሰማው ቀረሁ።»

ማታ... አዳራሹ ጢም ብሏል። ማማ ኦርኔላ ላይኛው ፎቅ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው።

መጋረጃው ሊከፈት ሲል ኃላፊው ብቅ አለ።

«ክቡራን... ዋናው ዘፋኛችን በድንገት ስለታመሙ በምትካቸው ቲዚያኖ ቤሎሊ ይዘፍናል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱማ «ደግሞ እሱ ማነው?» አለ።

ማማ ኦርኔላ ከፊታቸው ያለውን ወንበር ጨበጡ።

ቲዚያኖ ወጣ... መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ... ከዚያ ግን ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ሲጨርስ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

እናት እያለቀሱ ዞር ሲሉ... የባቡሩ ሰውዬ ከኋላቸው ቆሞ ያጨበጭባል።

«አንተም ልትሰማ ነበር እንዴ የመጣኸው?»

«አይ እናቴ... እኔ ልዘፍን ነበር የመጣሁት።»

ወዳጆቼ... ዞር ብሎ ለሌላው ቦታ መልቀቅም ትልቅ ስጦታ ነው።

ግን ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ትኬት የቆረጠው እሱን ሊሰማ ነበር... እሱም ሳይታመም ታመምኩ አለ... ሻርፑና ሹክሹክታውም ድምፁን ለመጠበቅ ነበር። እኔ እስካሁን አልቆረጠልኝም።

እናንተ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብትሆኑና እውነቱን ብታውቁ... ታጨበጭቡለት ነበር ወይስ ትቀየሙት? እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ።